ለሐሳብና ለጭንቀት ሕመም ረዳት ባለሙያ እንዴት ይፈለጋል?

ጥርሱን የታመመ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «የጥርስ ሐኪም ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም። እጁ የተሰበረም እንደ ሆነ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፥ አንዱ ወጌሻ፥ አንዱ ሐኪም ቤት እያለ ይመክርለታል። ነገር ግን እንቅልፉ የሸሸው፥ ምግብ ያስጠላው፥ ሥራው ሁሉ የመረረው፥ ያለ ምክንያት ልቡ የሚደነግጥበት ሰው ይኸንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ ሲፈልግ አፉን ይይዘዋል። የሚይዘውም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ «እብድ» ተብሎ እንዳይጠራ ይፈራል፤ ሁለተኛም፥ ደፍሮ ቢጠይቅ እንኳ ወዴትና ወደ ማን እንደሚሄድ የሚነግረው ያለ አይመስለውም። ስለ መጀመሪያው ፍርሃት ብዙ ጊዜ ይነገራል። ስለ ሁለተኛው ግን የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ጽሑፋችን መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመግለጽ አስበናል።

አስቀድሞ ኀዘን ሁሉ ሕመም እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ሰው ወላጁን ወይም ልጁን ቀብሮ ቢያለቅስ፥ ንብረቱ ጠፍቶበት ቢተክዝ፥ ፈተና ሲቀርብ ልቡ ቢሰጋ፥ ይህ የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው እንጂ ሐኪም የሚያስፈልገው ደዌ አይደለም። አባቶቻችን ለዚህ የሠሩት ሥርዓት አለ። ለቀስተኛው በድንኳን ይሰበሰባል፤ እድርተኛው ምግቡንም ውሃውንም ያቀርባል፤ ኀዘንተኛውን ለብቻው የሚተወው የለም። ከሠልስት እስከ ዐርባ፥ ከዐርባ እስከ ሙት ዓመት ቀን እየተቈጠረ ለኀዘኑ መልክና ልክ ይሰጠዋል። ይህ ሥርዓት ስንቱን ሰው ከከፋ ሕመም እንደ ጠበቀ መገመት አያዳግትም። የሐኪም ነገር የሚመጣው ጭንቀቱ ከምክንያቱ አልፎ ሲሄድ፥ ወይም ያለ አንዳች ምክንያት ሲመጣ ነው።

ሐኪሞች ለዚህ የሚይዙት መለኪያ አለ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ለሚሞላ ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ፥ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁናቴ፥ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት በኀዘን የሚያሳልፍ ከሆነ፥ ወይም ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው፤ በዚህም ላይ እንቅልፉ ከተዛባ፥ የምግብ ፍላጎቱ ከተለወጠ፥ ሰውነቱ ከዛለ፥ ሐሳቡን መሰብሰብ ካቃተው፥ ራሱን እንደ ከንቱና እንደ በደለኛ ከቈጠረ፥ ወይም ሞቱን ከተመኘ፥ እነዚህ ምልክቶች ተደራርበው ሲገኙ ድባቴ የሚባለው ሕመም ነው ተብሎ ይታሰባል። ይኸንኑ ለመመርመር በጤና ተቋሞች የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት አለ፤ ወደ አማርኛም ተመልሶ ባገራችን በሽተኞች ላይ ተፈትኗል። በእኛ ዘንድ ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ በራሱ ስም አይመጣም። «ራሴን ያቃጥለኛል፤ ልቤን ያፍነኛል፤ ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ» ተብሎ ነው የሚነገረው። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት ዓመት ሙሉ ሲውጥ ኖሮ፥ የታመመው ጨጓራው አለመሆኑን ዘግይቶ የሚረዳ ሰው ጥቂት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል አንድ አስተማሪ በሐሳባችን እንውሰድ። በአንድ የወረዳ ከተማ የሒሳብ ትምህርት ያስተምራል፤ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ወንድሙ በሞት ከተለየው ስምንት ወር ሆኖታል። ለቅሶው ተለቅሶ፥ ዐርባው ወጥቶ፥ ሰዎቹ ሁሉ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና እስኪነጋ ጣራውን ያያል። የተማሪዎቹን ደብተር አርሞ ይመልስ የነበረው ሰው አሁን ደብተሮቹ በጠረጴዛው ላይ ተከምረውበታል። እንቅልፍ እንዲያመጣለት ብሎ ማታ ማታ አረቄ መቅመስ ጀመረ፤ ቀን እንዲያነቃቃውም ጫት ያዘ። አረቄው እንቅልፉን ቈራረጠው፤ ጫቱ ያለችውንም ጥቂት እንቅልፍ ነጠቀው። ሚስቱ «ምን ሆንህ?» ስትለው «ምንም» ይላታል።

እንዲህ ያለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው የሥራ ባልደረባው ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በዕድሜ የሚበልጠው ነውና ለብቻው ጠርቶ እንዲህ ቢለው እንገምት።

«ወንድሜ፥ እንደ ዱሮህ አይደለህም። ለመሆኑ እንቅልፍ አለህ ወይ?»

«ጋሼ፥ ምን እደብቅዎታለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አይከደንም። ሲነጋም ለምን እንደምነሣ አላውቅም።»

«እንግዲያስ የነገውን የጧት ክፍል ሌላ ሰው ይይዝልሃል። ጤና ጣቢያ ድረስ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ዲሬክተሩ «በርታ፥ ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ» አላለውም። «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ብሎም አላነጻጸረበትም። በመምህራን ስብሰባም ላይ አላነሣበትም። የጠየቀው ስለ እንቅልፉ ነው። እንቅልፍን መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም፤ ከእንቅልፍም ተነሥቶ ወደ ሌላው መግባት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክሩን ቀን ቈርጦና ሰው መድቦ ሰጠው፤ ልቡ የዛለ ሰው «አንድ ቀን ሐኪም ብታይ መልካም ነው» የሚለውን ምክር ሰምቶ ብቻውን መነሣት አይችልምና።

መጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። አንዳንድ ሰው ይኸን እንደ ከንቱ መንከራተት ቈጥሮ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ ይቸኩላል። ስሕተት ነው። አንደኛ ነገር፥ የአእምሮ ጭንቀት መስለው የሚታዩ የሰውነት ሕመሞች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲበዛ ልብ ይመታል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሥራው ሲያንስ ደግሞ ሰውየው ይዝላል፥ ይተክዛል። የደም ማነስም ያዝላል። አረቄና ጫትም ምን እንደሚያደርጉ ከላይ አይተናል። እነዚህን ሳይመረምሩ ስለ አእምሮ ማውራት ከመሠረቱ ጣራውን ማስቀደም ነው። ሁለተኛም፥ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት፥ የአእምሮ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች ድባቴን፥ የሚጥል በሽታንና ሌሎችንም የአእምሮ ሕመሞች ለይተው እንዲያክሙ በብዙ አገሮች ሥልጠና ይሰጣል። ኢትዮጵያም መርሐ ግብሩን አስቀድመው ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ በጤና ጣቢያው ሲደርሱ «ስለ አእምሮ ጤና የሠለጠነ ሠራተኛ አለ ወይ?» ብሎ በስሙ መጠየቅ ነው። ካለ እርሱ ያያል፤ ከሌለም ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱን ይዞ የሄደ ሰው ሳይዝ ከሄደው ይልቅ በቶሎ ይስተናገዳል።

እዚህ ላይ ስለ ባለሙያዎቹ ስምና ሥራ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ሕዝቡ ሁሉንም «የአእምሮ ዶክተር» እያለ በአንድ ስም ይጠራቸዋልና። የአእምሮ ሐኪም ማለት አስቀድሞ አጠቃላይ ሕክምና ተምሮ ዶክተር ከሆነ በኋላ፥ ስለ አእምሮ ሕመም ብቻ ለብዙ ዓመት የተማረ ስፔሻሊስት ነው። መድኃኒት ያዛል፤ ከባድ የሆኑትንም ሕመሞች ይይዛል። የሥነ ልቡና ባለሙያ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒትም አያዝም። ነገር ግን በንግግርና በልምምድ የመርዳት ትምህርት የተማረ ነው፤ በተለይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተባለውን ክፍል ያጠናው ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ደግሞ ነርስነትን ከተማረ በኋላ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች በሽተኛውን የሚቀበለውና የሚከታተለው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው፤ «ነርስ ብቻ አየኝ» ብሎ ቅር መሰኘት አይገባም። ከነዚህም በቀር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች አማካሪዎች አሉ። ለተማሪ ቀላል ጭንቀት እነርሱ ይበቃሉ፤ የከበደ ነገር ባዩ ጊዜም ወደ ሌላው ያስተላልፋሉ።

ባገራችን እነዚህ ባለሙያዎች የበዙት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ፥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙም ከዚህ የተነሣ ከሕመሙ ጋር አንድ ሆነና «አማኑኤል ገባ» ማለት «አበደ» ማለት እስኪመስል ድረስ ደረሰ። ይህ ለሆስፒታሉም ለበሽተኛውም የማይገባ ስም ነው። በዚያ በተመላላሽ የሚታከሙት ሰዎች መድኃኒታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸውና ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ናቸው። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ይፈልግ የነበረ ዶክተርም እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበረበት። በዚያ ዓመት ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ትምህርቱን ባገር ውስጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በጅማ፥ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይገኛል። ቢሆንም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያዩ ባለሙያዎቹ ዛሬም ጥቂቶች ናቸው። በግል የሚሠሩት የሥነ ልቡና ባለሙያዎችም አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው።

እንግዲህ የእኛ አስተማሪ ተመርምሮ የሰውነት ሕመም አልተገኘበትም፤ ወደ ሆስፒታል ሄዶም ድባቴ እንዳለበት ተነገረው፤ የንግግር ሕክምናም ታዘዘለት እንበል። እርሱም «ንግግር መቼ መድኃኒት ሆነ?» ቢል አይፈረድበትም። ብዙ የተማሩ ሰዎችም እንዲሁ ይላሉና።

ለዚህ ጥያቄ ከዚምባብዌ የሚመጣ መልስ አለ። በዚያ አገር የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ በነበሩበት ጊዜ፥ ከነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ወጣት በሽተኛ ነበረቻቸው። ልጅቱ ወደ ሆስፒታሉ መመለስ ሲገባት ለአውቶቡስ የሚከፈል ገንዘብ በማጣቷ ሳትመጣ ቀርታ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ሐኪሙም በሽተኛው ወደ ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ ሕክምናው ወደ በሽተኛው ሰፈር መሄድ እንዳለበት አሰቡ። ነገር ግን የሚላክ ሐኪምም ሆነ ነርስ አልነበረም፤ ቢሮም አልተሰጣቸውም። የነበሩት በጤና ሥራ ይረዱ የነበሩ አሮጊቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባለው ሰፈር 14 አያቶች ሠልጥነው፥ ከክሊኒኩ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቀውን ሰው መቀበል ጀመሩ። የወንበሩም ስም «የወዳጅነት ወንበር» ተባለ። ሕመሙን በፈረንጅ ስም አይጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ «ከመጠን ያለፈ ማሰብ» ማለት ነው። በእኛስ ቋንቋ «ሐሳብ በዛበት» ማለት ይኸው አይደለምን?

ሥራው ውጤት እንዳለው ለማወቅ 573 በሽተኞች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፥ ገሚሶቹ በአያቶቹ፥ ገሚሶቹ በተለመደው አሠራር ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የተረዱት የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህ አያቶች የሠሩት ከጎረቤት ቡና ላይ ከሚደረገው ጨዋታ የሚለይበትን ምክንያት ማወቅ ባለሙያ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። ጎረቤት ጥቂት ሰምቶ ወዲያው ይመክራል፥ ይፈርዳል፥ የራሱን ችግር ይጨምራል፤ በማግስቱም ለሌላ ጎረቤት ያወራል። የሠለጠነችው አያት ግን ሰውየው ችግሮቹን አንድ በአንድ እንዲዘረዝር ታደርጋለች። ከዚያም ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ራሱ እንዲመርጥ፥ ለመረጠውም ሊሠራ የሚቻል መፍትሔ ራሱ እንዲያስብ ትረዳዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ «ያሰብኸውን አደረግኸው ወይ? ምን ከለከለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ጭንቀቱ አንድ ትልቅ ተራራ መስሎ የታየው ሰው በዚህ ዓይነት ተራራውን ድንጋይ በድንጋይ ያየዋል።

በሆስፒታልና በክሊኒክ የሚሰጠውም የንግግር ሕክምና ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዓይነቱ ግን ልዩ ልዩ ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የጀመሩት መንገድ፥ በሽተኛው ሳያስተውለው በአእምሮው የሚመላለሰውን ሐሳብ ይዞ መመርመር ነው። የእኛ አስተማሪ «ወንድሜን ቀደም ብዬ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ አይሞትም ነበር፤ እኔ ገደልሁት» እያለ በልቡ ሲከስስ ኖሯል እንበል። ባለሙያው «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ አይከራከረውም። «በዚያን ጊዜ የምታውቀው ነገር ምን ምን ነበር? አሁን የምታውቀውስ? ባልንጀራህ በአንተ ቦታ ቢሆን ምን ትለው ነበር?» እያለ ሐሳቡን እንደ ሒሳብ እንዲፈትነው ያደርገዋል። ከዚህም ጋር ትንንሽ ሥራ ያዝዘዋል፤ ጧት ሩብ ሰዓት በእግር መሄድ፥ በቀን አምስት ደብተር ብቻ ማረም። ልብ እስኪበረታ ጠብቆ ሥራ መጀመር ሳይሆን፥ ጥቂት ሥራ ጀምሮ ልብ እስኪበረታ መጠበቅ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ ኀዘኑን፥ ከሰዎች ጋር ያለውን ጠብ፥ ወይም የኑሮ ለውጡን ዋና ጉዳይ አድርጎ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ሆኖ፥ ከ6 እስከ 20 ጊዜ በሚደርስ ቀጠሮ ይፈጸማል።

ከመንገዱ ስም ይልቅ በበሽተኛውና በባለሙያው መካከል ያለው መተማመን ለመዳን ብዙ እንደሚረዳ ከአንድ ዘመን በላይ ሲጠና ቈይቷል። ገና እ.ኤ.አ. በ1936 ሳውል ሮዘንዝዋይግ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ልዩ ልዩዎቹ መንገዶች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር ሳይኖር እንደማይቀር ጽፈው ነበር። ስለዚህ ባለሙያ የሚመርጥ ሰው ምርጫው የራሱ መብት መሆኑን ይወቅ። በመጀመሪያው ቀን «የተማሩት ምንድን ነው? የሥራ ፈቃድስ አለዎት? እንደ እኔ ያለ ሰው ረድተው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልገኛል? ክፍያውስ ስንት ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቅ የለምን? ደኅና ባለሙያ በዚህ አይቈጣም፤ የሚቈጣ ቢገኝ ቍጣው ራሱ መልስ ነው። ክፍያን በሚመለከት በመንግሥት ሆስፒታል የሚጠየቀው ከግል ክሊኒክ ያነሰ ነው። በግል የሚታከም ሰው ግን የሁለት ወሩን ሒሳብ አስቀድሞ ቢያሰላ ይሻላል፤ ገንዘብ አልቆበት በመካከል ማቋረጥ ጉዳት አለውና።

አንድ ጊዜ ሄዶ ልብ አልገጠመም ብሎ መተው ግን ችኮላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ከባድ ነው፤ ከጠይም እስከ ቀይ ሰው ሁሉ ለማያውቀው ሰው ገመናውን ሲገልጥ ያልበዋል። ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ እንኳ ያዳምጠኛል የሚል ስሜት ካላደረበት «ከሌላ ባለሙያ ጋር ቢያገናኙኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሴት በሽተኛም ከሴት ባለሙያ ጋር መነጋገር ብትፈልግ ይኸንኑ ትጠይቅ፤ ቋንቋም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚያለቅስበትን ቋንቋ የማይሰማ አማካሪ ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው።

ምሥጢርን በሚመለከት በትንንሽ ከተሞች ያለው ፍርሃት ባዶ አይደለም፤ ነርሱ የጎረቤት ልጅ፥ ካርድ አውጪዋም የተማሪ እናት ልትሆን ትችላለችና። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 399 ሐኪሞችና ነርሶች በሥራቸው ያወቁትን የሰው ምሥጢር እንዳይገልጡ ይከለክላል፤ ይቀጣልም። ባለሙያው ምሥጢር ሊያወጣ የሚችለው በሽተኛው ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ለመግደል የቀረበ አደጋ ሲኖር፥ ወይም ሕግ ሲያስገድደው ነው፤ ይኸንንም በመጀመሪያው ቀን መንገር ልማዱ ነው። ካልነገረም ይጠየቅ። ያም ሆኖ ልቡ ያላመነ ሰው በሚቀጥለው ከተማ ያለውን ሆስፒታል ቢመርጥ ነውር የለበትም፤ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል።

መድኃኒት የታዘዘለትም ቢኖር አይደንግጥ። ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉት የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያሲዙም፤ ነገር ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓቱ አይሠሩም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያሉ። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልረባኝም» ብሎ ይጥላቸዋል። ሌላው ደግሞ በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ በአንድ ጊዜ ያቋርጣል፤ ሕመሙም ይመለስበታል። ሱስ የሚያሲዘው ለእንቅልፍ የሚሰጠው እንደ ዲያዜፓም ያለው ነው፤ እርሱን ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ መዋጥ ክፉ ልማድ ነው።

ወደ ጸበል የሚሄደውን ሰው መቃወም የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። በእምነት የሚገኘው መጽናናትና ከንስሐ አባት ጋር የሚደረገው ንግግር ለብዙ ሰው ትልቅ ኃይል ነው። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ማንም ሰው በሰንሰለት አይታሰር፥ አይደብደብ፥ ምግብ አይከልከል። እንዲሁም በአንድ ቀን አድናለሁ ከሚል፥ ምንነቱ ያልታወቀ መጠጥ ከሚሸጥ፥ ሙሉውን ክፍያ አስቀድሞ ከሚቀበል፥ ያለ ፈቃድ በስልክና በመገናኛ ገጽ «አማካሪ ነኝ» ከሚል ሰው መጠንቀቅ ይገባል። የሥራ ፈቃዱን የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነግራል። ከታካሚው ጋር የፍቅር ወይም የገንዘብ ጉዳይ የሚጀምር ባለሙያም የሙያውን ሕግ የጣሰ ነውና ይተዉት፤ ያመልክቱበትም።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ሰውየው ስለ መሞት መናገር ከጀመረ፥ ዕቃውን እያከፋፈለ ከተሰናበተ፥ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፥ ወይም ለቀናት ሳይተኛና ሳይበላ ከቀረ፥ በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል የሚሉ አሉ፤ አያመጣበትም። ይልቁንም ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይተነፍሳሉ። እስኪወሰድ ድረስ ለብቻው አይተውት፤ በቤት ያለውን የተባይ መርዝ፥ መድኃኒትና የጦር መሣሪያም ከአጠገቡ ያርቁ።

ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ዝግጅት ቀላል ነው። ባለሙያው ፊት ሲቀርቡ ነገሩ ሁሉ ከአፍ ይጠፋልና፥ ከአንድ ቀን በፊት በቍራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ ሕመሙ የጀመረበትን ወር፥ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፥ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነስሙ፥ አረቄና ጫት ካለም መጠኑን ሳይቀንሱ፥ ከቤተ ሰብ ተመሳሳይ ሕመም የነበረበት ሰው ካለም ማን እንደ ሆነ። ለመናገር የከበደ ነገር ቢኖርም በዚያው ወረቀት ጽፎ ማቀበል ይቻላል። አብሮ የሄደው ዘመድ ሲጠራ ይገባል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ከደጅ ተቀምጦ ይጠብቅ።